የመረብ አስማሚን ለብዙ ስለ መክፈል፦ የሙያ ቃላት አሰያየም ጥናት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰርቨር በሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ አንድ የመረብ አስማሚ ለብዙ አስማሚዎች ሲከፈል የሚገኙትን ነገሮች በአማርኛ ምን ብንላቸው ትክክለኛውን ሐሳብ እንደሚያስተላልፉ መመርመር ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲሶች እንጂ የቋንቋ ባለሙያዎች አይመስልም። ነገር ግን በአንድ ቃል አመራረጥ ምክንያት የትርጉም መመሪያ የሚያነብ ቴክኒሻን በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ሥራ በሁለት ገመድ የተደገፈ ሊመስለው ይችላል። ገመዱ የተቋረጠ ዕለትም ስሕተቱ ከወረቀት ወደ ሥራ ይሸጋገራል። ስለዚህ የስያሜው ጥያቄ ቃላትን ከማስዋብ ያለፈ ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ መስክ አራት የተለያዩ ነገሮችን «ቨርቹዋል» በሚለው ቅጽልና «ክፍልፋይ» በሚል ሐሳብ አደባልቆ ይጠራቸዋል። ተርጓሚዎቻችንም ይህን ቅጽል አብዛኛውን ጊዜ «ምናባዊ» እያሉ፣ ስሙን ደግሞ «ክፍልፋይ» እያሉ ያልፉታል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አስተያየት አማርኛው የእንግሊዝኛውን መደባለቅ አብሮ መውረስ የለበትም የሚል ነው። አንድ ስያሜ ትክክል ነው የሚባለው ሦስት ጥያቄዎችን ሲመልስ ነው፤ እነርሱም፦ የሚከፈለው ምንድን ነው? ከፋዩ ማን ነው? ሳይከፈል በጋራ የሚቀረውስ ምንድን ነው? የሚሉት ናቸው።

ሀ. የነገሩ አመጣጥ

ኢተርኔት የሚባለው ኮምፒዩተሮችን በገመድ የማገናኘት ዘዴ በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል ሮበርት ሜትካፍ ባቀረበው የጽሑፍ ሐሳብ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሥርዓት በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ያህል ያስተላልፍ ነበር። ዘዴው በ1983 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት ዘንድ 802.3 በሚል ቁጥር የጋራ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። እያንዳንዱ የመረብ አስማሚ ከሌላው የሚለይበት 48 ቢት ርዝመት ያለው አድራሻ ተሰጠው፤ ይህም አድራሻ በአሥራ ስድስትዮሽ አቈጣጠር ሲጻፍ 12 አኃዝ ይሆናል።

በዚያ ዘመን እንደ ተለመደው አንድ ኮምፒዩተር አንድ ካርድ ነበረው፤ ካርዱም አንድ የገመድ መግቢያ፣ መግቢያውም አንድ አድራሻ ነበረው። ካርድ ቢባል፣ አስማሚ ቢባል፣ ገመድ ወይም አድራሻ ቢቆጠር ቍጥሩ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ፣ አራቱን ነገሮች በአንድ ስም መጥራት ጉዳት አልነበረውም። የስያሜ ችግር የተነሣው ቍጥሮቹ መለያየት ሲጀምሩ ነው።

ለመለያየቱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው አንድ ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር ሆኖ እንዲሠራ የማድረግ ጥበብ ነው። አይቢኤም በ1972 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ቪኤም/370 የተባለው ሥርዓት አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች እያካፈለ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መኪና ያላቸው እስኪመስላቸው ድረስ ያሠራቸው ነበር። ይኸው ጥበብ ኋላ ወደ አነስተኞቹ ሰርቨሮች ተሸጋግሮ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮች በሶፍትዌር ተመስለው የሚያድሩበት አሠራር ተስፋፋ። ሁለተኛው ምክንያት የገመዱ ፍጥነት ማደግ ነው። በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው የኢተርኔት ደረጃ በ2002 እ.ኤ.አ. ከጸደቀ በኋላ፣ ቀድሞ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፉ ብዙ ካርዶችና ብዙ ገመዶች ይከናወን የነበረው ሥራ በአንድ ገመድ ሊከናወን የሚችል ሆነ።

ይሁንና ሥራዎቹ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች መልእክት አንድ ነው፤ ከመረጃ ማከማቻው ጋር የሚደረገው ምልልስ ሌላ ነው፤ በሶፍትዌር የተመሰሉት ኮምፒዩተሮች ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲዛወሩ የሚያጓጉዙት ጓዝ ሦስተኛ ነው፤ የተጠቃሚዎች አገልግሎት አራተኛ ነው። እነዚህ በአንድ ገመድ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን እንዳይጨቍን መለየት አለባቸው። ገመዱን አንድ አድርጎ ሥራውን ለመለየት ሲባል የመረብ አስማሚው ለብዙ መከፈል ጀመረ።

ለ. ካርድ፣ አስማሚና በር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ሦስት ቃላት ያሹናል።

የመጀመሪያው «ካርድ» ነው። ቃሉ የውጭ ቢሆንም በሰፊው ስለተለመደ መተካት አያስፈልገውም። ካርድ በእጅ የሚያዝ፣ በሰርቨሩ ውስጥ የሚሰካ፣ ሲበላሽ ተነቅሎ የሚጣል ግዙፍ ዕቃ ነው። ካርድን ለሁለት የሚከፍል ቢኖር መጋዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «አስማሚ» ነው። ቃሉ «ተስማማ» ከሚለው ግሥ በ«አስማማ» በኩል የተገኘ የአድራጊ ስም ሲሆን፣ በተራ አነጋገር በሁለት ወገኖች መካከል ገብቶ የሚያግባባን ሰው ያመለክታል። የመረብ አስማሚም ሥራው ይኸው ነው፤ በኮምፒዩተሩ የውስጥ ቋንቋና በገመዱ ቋንቋ መካከል ቆሞ አንዱን ለሌላው ያስማማል። ስለዚህ አስማሚ የሥራ ስም እንጂ የዕቃ ስም አይደለም። አንድ ሽማግሌ ብዙ ጉባኤ ሊያስማማ እንደሚችል ሁሉ፣ በአንድ ካርድ ላይም ብዙ አስማሚዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ስም ነው። ቴክኒሻኖች በንግግር «ፖርት» ይሉታል። አንዳንድ ትርጉሞች የእንግሊዝኛውን ቃል የባሕር መርከብ ማረፊያ ከሚሆነው አቻው ጋር በማዛመድ «ወደብ» ብለውታል። ወደብ ግን መርከብ ቆሞ ጭነት የሚያራግፍበት ስፍራ ስለሆነ፣ መረጃ ሳይቆም የሚያልፍበትን መግቢያ በሚገባ አይገልጽም። በዚህ ጽሑፍ «በር» የሚለው ቃል ተመርጧል፤ ምክንያቱም በር መግቢያም መውጫም ከመሆኑ በላይ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት ነገር መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል።

ምሳሌ ለመስጠት ያህል፣ በከተማ ውስጥ ያለን የኪራይ ግቢ እናስብ። ግቢው አንድ ነው፤ የውጭ በሩም አንድ ነው። በውስጡ ግን አራት ተከራዮች አራት ክፍል ይዘው፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው እየተጠሩና በየራሳቸው ቍልፍ እየዘጉ ይኖራሉ። ደብዳቤ የሚያመጣው ሰው ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው ያደርሳል። ሆኖም የውጭ በሩ ቢቆለፍ የሚታገደው አንዱ ተከራይ ሳይሆን አራቱም ናቸው። ካርዱ ግቢው ነው፤ አስማሚዎቹ ተከራዮቹ ናቸው፤ በሩም በሩ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ እርባታ ታላቅ እርዳታ ይሰጠናል። ከ«ከፈለ» ሥር የሚወጡት ግሦች ሐሳቡን በሦስት መልክ ይለዩታል። «ከፈለ» አንዱን ነገር ለብዙ ያደረገውን ያመለክታል፤ «አካፈለ» ድርሻ ሰጪውን ያመለክታል፤ «ተካፈለ» ደግሞ አንድ ነገር ሳይቈረስ በጋራ የሚጠቀሙበትን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሐሳቦች የተለያዩ ቃላት ሲፈልግ፣ አማርኛ ዘሩን ሳይለቅ በእርባታ ብቻ ይለያቸዋል። ስለዚህ መመሪያን የሚተረጕም ሰው ለየስሙ ተገቢውን ግሥ ቢሰጠው አብዛኛው ችግር ይቃለላል፤ ይኸውም፦ ካርዱ አይከፈልም፤ አስማሚው ለብዙ ይከፈላል፤ ክፋዮቹ በሩን ይካፈሉታል። «ከፈለ» ገንዘብ መስጠትንም ስለሚያመለክት፣ አሻሚነት እንዳይፈጠር «ለሁለት»፣ «ለአራት»፣ «ለብዙ» የሚለውን ማሟያ አለመርሳት ይገባል።

ሐ. አራቱ የአከፋፈል ዓይነቶች

1ኛ. በካርዱ መሪ ፕሮግራም የሚደረግ አከፋፈል። ይህ ዓይነት በካርዱ ላይ ተጽፎ በሚኖረው መሪ ፕሮግራም የሚፈጸም ሲሆን፣ ሰርቨሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደነገግ ነው። ዴልና ሌሎችም አምራቾች «ኤን.ፓር» በሚል አሕጽሮት ይጠሩታል፤ ኤች.ፒ. ደግሞ ለብሌድ ሰርቨሮቹ «ፍሌክስ-10» በሚል ስም ተመሳሳይ ነገር አቅርቦ ነበር። በተለመደው አደራረግ በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው አንዱ በር ለአራት አስማሚዎች ይከፈላል፤ ሁለት በር ያለው ካርድም ስምንት አስማሚዎች ይኖሩታል። ስምንት የሚለው ቍጥር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፒሲአይ በተባለው የኮምፒዩተር የውስጥ መገናኛ ደንብ አንድ ዕቃ ያሉትን የሥራ ክፍሎች ለመቍጠር የተመደበው ቦታ 3 ቢት ስለሆነ፣ የክፍሎቹ ቍጥር ከ8 ሊበልጥ አይችልም ነበር። ቍጥሩን የሚያሰፋ የአነባበብ ደንብ ከተጨመረ በኋላ ግን እስከ 16 የሚከፈሉ ካርዶች ወጥተዋል።

የዚህ አከፋፈል ዋና ጠባይ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት መከፈሉን አለማወቁ ነው። ለእርሱ እያንዳንዱ ክፋይ የራሱ አድራሻ ያለው ሙሉ አስማሚ ሆኖ ይታየዋል። በገመዱ በሌላው ጫፍ ያለው ስዊችም መከፈሉን አያውቅም፤ በአንድ በር በኩል ብዙ አድራሻዎች ሲመጡ ብቻ ያያል። ለዚህ ዓይነት የቀረበው ስያሜ «ክፋይ አስማሚ» የሚል ነው። «የአብራክ ክፋይ» በሚለው አነጋገር እንደምናየው፣ ክፋይ ከአንድ አካል የወጣ ቢሆንም የራሱ ስምና የራሱ ሕይወት ያለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት «ክፍልፋይ» ግን በሒሳብ ትምህርት ከአንድ በታች ለሆነው ቍጥር ስለተወሰነ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራን ነገር ለመጥራት አይመችም።

2ኛ. በዋና ክፍልና በምንዝር ክፍል የሚደረግ አከፋፈል። የፒሲአይን ደንቦች የሚያወጣው የአምራቾች ኅብረት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የተመሠረተ ሲሆን፣ «ኤስ.አር.አይ.ኦ.ቪ.» በሚል አሕጽሮት ይታወቃል። በዚህ ደንብ መሠረት በካርዱ ላይ ሁለት ዓይነት የሥራ ክፍሎች ይኖራሉ። አንደኛው ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው፤ ካርዱን ያዝዛል፣ ይደነግጋል፣ ሌሎቹን ክፍሎች ይፈጥራል፣ ያጠፋል። ሌሎቹ ግን መረጃ ከመላክና ከመቀበል በቀር በካርዱ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ጥቅማቸው እያንዳንዳቸው በሶፍትዌር ለተመሰለ አንድ ኮምፒዩተር በቀጥታ መሰጠት መቻላቸው ነው፤ መረጃው በአስተናጋጁ ፕሮግራም እጅ ሳያልፍ ከካርዱ ወደዚያው ኮምፒዩተር ማኅደር ይገባልና ድካም ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል 82599 የተባለው የኢንቴል መቈጣጠሪያ ለእያንዳንዱ በር እስከ 64 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ይፈቅዳል።

እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን «ግዙፍ ተግባር»፣ ሁለተኛውን «ቨርቹዋል ተግባር» እንደ ማለት አድርጎ ይጠራቸዋል። ይህ አጠራር ሁለት ጕድለት አለው። አንደኛ፣ በፒሲአይ ቋንቋ የተጠቀሰው ነገር ድርጊት ሳይሆን በራሱ ቍጥር የሚጠራ የሥራ ክፍል ስለሆነ «ተግባር» የሚለው ትርጉም አሳሳች ነው፤ የሒሳብ ክፍል፣ የመዝገብ ክፍል እንደምንለው «ክፍል» ቢባል ይስማማል። ሁለተኛ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ግዙፍ ሌላው ረቂቅ መሆኑ አይደለም፤ ሁለቱም በአንዱ ካርድ ላይ ያሉ ናቸው። ልዩነታቸው የሥልጣን ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን የቈየ አነጋገር አለው፤ «አለቃና ምንዝር» ይላል። ስለዚህ «ዋና ክፍል» እና «ምንዝር ክፍል» የሚሉት ስያሜዎች ቀርበዋል። ምንዝር የሚለው ቃል ከ«መነዘረ» ጋር ያለው የፊደል ዝምድናም ለነገሩ ይስማማል፤ አንድ ትልቅ ገንዘብ ሲመነዘር ብዛቱ ይጨምራል እንጂ ድምሩ አይጨምርም።

3ኛ. በመለያ የሚደረግ አከፋፈል። በ1998 እ.ኤ.አ. 802.1ኪው በሚል ቍጥር በወጣው ደረጃ መሠረት በእያንዳንዱ የመልእክት ጥቅል ላይ 4 ባይት የሚሆን መለያ ይጨመራል። በመለያው ውስጥ 12 ቢት ለቍጥር ስለተመደበ፣ ሁለቱ ለልዩ ጕዳይ ሲቀነሱ 4,094 የተለያዩ መለያዎች ይገኛሉ። እዚህ ላይ የተከፈለው አስማሚው ሳይሆን መረቡ ነው፤ ስዊቹም አከፋፈሉን ያውቃል፣ ደግሞም ያስከብራል። ቴክኒሻኖች «ቪላን» ለሚሉት ለዚህ ነገር «ባለመለያ መረብ» የሚለው ስያሜ ቀርቧል። የገበያ ሰው ጆንያውን በቀለም ምልክት እንደሚለየው ሁሉ፣ በአንድ መኪና የተጫነው ዕቃ የየባለቤቱ መሆኑ የሚታወቀው በመለያው ነው። መለያው ባለቤቱን ይነግራል እንጂ የመኪናውን የመሸከም አቅም አያካፍልም።

4ኛ. በሶፍትዌር ብቻ የሚደረግ ምስለት። አስተናጋጁ ፕሮግራም በውስጡ ለሚያድሩት ኮምፒዩተሮች አስማሚ መስሎ የሚቀርብ ነገር በማኅደር ውስጥ ይሠራላቸዋል። ካርዱ ስለዚህ ነገር አያውቅም፤ ሰርቨሩ ካርድ ባይኖረው እንኳ ሁለት እንዲህ ያሉ አስማሚዎች እዚያው በሰርቨሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩ ይችላሉ።

መ. «ምናባዊ» የሚለው ቅጽል

«ቨርቹዋል» የሚለው ቃል በላቲን ብርታትንና ኃይልን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ሲሆን፣ በመልኩ ባይሆን በውጤቱ ያ ነገር የሆነውን ይገልጻል። በብርሃን ትምህርት ይኸው ቃል በመስተዋት ውስጥ ለሚታየው ምስል ይነገራል። ምስሉ ከመስተዋቱ ኋላ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመስተዋቱ ኋላ ወረቀት ቢደረግ ምንም አይቀረጽበትም። በዚህ ቦታ «ምናባዊ» ማለት የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚታየው ነገር በሚታይበት ስፍራ የለምና።

በመረብ አስማሚ ጕዳይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክፋይ አስማሚ መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ አድራሻው በስዊቹ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የተመደበለት አቅም በገመዱ ላይ ይለካል። የመስተዋቱ ምስል መልክ እንጂ ሥራ የለውም፤ ክፋይ አስማሚ ግን ለብቻው የቆመ ዕቃ ባይሆንም ሥራ አለው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቅጽል መጥራት አንባቢውን «የሌለ ነገር» ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል።

በምትክነት ሁለት ቅጽሎች ተመርምረዋል። አንደኛው «ግብራዊ» ነው፤ በአካል ሳይሆን በግብር ያለ ለማለት ነው። ሐሳቡ ከላቲኑ ጋር እጅግ የተቀራረበ ቢሆንም፣ ግብር ለመንግሥት የሚገባ ቀረጥ፣ የንጉሥ ድግስና ሥራ ስለሚሆን፣ በተለይም በዛሬ አነጋገር የመጀመሪያው ትርጉም ስለሚያይል፣ «ግብራዊ አስማሚ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ወደ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሊያስብ ይችላል። ሁለተኛው በግእዝ ዘርፍ አያያዝ «አምሳለ አስማሚ» ማለት ነው። ይህ ግን መሳይነትን እንጂ ከአንዱ ነገር ተከፍሎ መውጣትን አያሳይም።

ስለዚህ የቀረበው መፍትሔ «ምናባዊ»ን መሻር ሳይሆን ወሰን መስጠት ነው። «ምናባዊ አስማሚ» የሚለው ስያሜ በአራተኛው ተራ ለተጠቀሰው፣ በሶፍትዌር ብቻ ለሚኖረው ይሁን። ካርዱ የሚያውቃቸው ሁለቱ «ክፋይ አስማሚ» እና «ምንዝር ክፍል» ይባሉ። መረቡ የሚያውቀው «ባለመለያ መረብ» ይባል። እንግዲህ ስያሜው ራሱ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይናገራል።

ሠ. ወለልና ጣሪያ

በመጀመሪያው የአከፋፈል ዓይነት ለእያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ቍጥሮች በመቶኛ ይደነገጋሉ። ሁለቱንም «ድርሻ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ቢሆንም የማይሆን ሒሳብ ያመጣል። ለምሳሌ አንዱ በር ለአራት ተከፍሎ፣ ለአስተዳደር 10፣ ለዝውውር 20፣ ለተጠቃሚዎች 30፣ ለማከማቻ 40 በመቶ ተደነገገ እንበል፤ ድምሩ 100 ነው። በዚያው ሰንጠረዥ በሁለተኛው ዓምድ ግን ለአራቱም 100፣ 100፣ 100፣ 100 ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱም ዓምዶች «ድርሻ» ቢባሉ አንባቢው ከአንድ እንጀራ አራት እንጀራ እንዴት ተቈረሰ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ቍጥር ሁሉም በአንድነት በሚሻሙበት ጊዜ ለክፋዩ የሚጠበቅለት ዝቅተኛ መጠን ነው። ሁለተኛው ሌሎቹ ሥራ ሲፈቱ ክፋዩ ሊደርስበት የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ማከማቻው በሽሚያ ጊዜ በሰከንድ 4 ጊጋቢት፣ ሌሎቹ ዝም ባሉ ጊዜ ደግሞ እስከ 10 ጊጋቢት ሊያስተላልፍ ይችላል። አማርኛ «የደመወዝ ወለል» እና «የዋጋ ጣሪያ» ማለትን ስለለመደ፣ የመጀመሪያው «የአቅም ወለል»፣ ሁለተኛው «የአቅም ጣሪያ» ቢባሉ ሒሳቡ ወዲያውኑ ይገባል። ወለሎች ይደመራሉ፤ ጣሪያዎች አይደመሩም። ተርጓሚው ሊያስተውለው የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ በብዙዎቹ ካርዶች እነዚህ ድንጋጌዎች የሚሠሩት በመላክ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ «የመላኪያ አቅም» ተብሎ በተጻፈበት ስፍራ «የማስተላለፍ አቅም» ብሎ ማስፋት የመመሪያውን ቃል መለወጥ ይሆናል።

ረ. የስያሜው ጥቅም በሥራ ላይ

እንግዲህ አንድ መመሪያ «ካርዱን ለአራት ምናባዊ ካርዶች ይክፈሉ» ተብሎ ተተረጐመ እንበል። ይህን ያነበበ ቴክኒሻን አራት ካርድ እንዳገኘ ይቈጥራል። የመረጃ ማከማቻውን መንገድ በ1ኛው ካርድ፣ ተጠባባቂውን መንገድ በ2ኛው ካርድ ያደርጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። በእውነቱ ግን ሁለቱ በአንድ በርና በአንድ ገመድ የሚሄዱ ስለሆኑ ገመዱ ሲቋረጥ መንገዱም ተጠባባቂውም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ሰርቨሩ የሆስፒታል መዝገብ ወይም የባንክ ሒሳብ የያዘ ቢሆን ጕዳቱ ቀላል አይሆንም።

ያው ዐረፍተ ነገር «በበሩ ላይ ያለውን አስማሚ ለአራት ክፋይ አስማሚዎች ይክፈሉ፤ አራቱም በሩን ይካፈላሉ» ቢባል ግን ተጠባባቂው በሌላ በር፣ ከተቻለም በሌላ ካርድ መሆን እንዳለበት ለማንም ግልጽ ይሆናል። ትርጉሙ የተጨመረበት አንድ ሐረግ ብቻ ነው፤ ያውም ከቋንቋው እርባታ የተገኘ እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ሰ. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ተርጓሚዎች ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መሰጠት አለበት፣ አለዚያ ትርጉሙን ወደ ምንጩ መመለስ አይቻልም ይሉ ይሆናል። ይህ ሕግ የሚጸናው የምንጩ ቋንቋ ራሱ አንድን ቃል ለአንድ ነገር ሲያውል ነው። እዚህ ግን ምንጩ አንዱን ቅጽል ለተለያዩ ነገሮች አውሏል። የስያሜ ሥራ አቻ የሚፈልገው ለፅንሰ ሐሳቡ እንጂ ለፊደሉ አይደለም። ወደ ምንጩ ለመመለስ የሚያስፈልገውም በመዝገበ ቃላቱ መግቢያ ቃል ሥር የሚደረግ ማመልከቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ ሠራተኛው «ፖርት»፣ «ቪላን»፣ «ሰርቨር» ማለትን ለምዷልና አዲስ ስያሜ አያስፈልግም ይላሉ። ልማዱ የሚካድ አይደለም። «ስልክ» ከዐረብኛ፣ «መኪና» ከጣልያንኛ መጥተው የአማርኛ ተወላጆች እንደሆኑ ሁሉ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሥር ይሰዱ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍም «ካርድ» እና «ሰርቨር» እንዳሉ ተወስደዋል። ነገር ግን የውጭ ቃል ስሙን ይሰጣል እንጂ ዝምድናውን አይሰጥም። «ክፋይ» ያለ ሰው መካፈልን አብሮ ያስባል፤ «ምንዝር» ያለ ሰው አለቃ መኖሩን ያውቃል። በንግግር የሚሠራበት የውጭ ቃል በመዝገቡ ተጠቅሶ፣ በጽሑፍ ግን ገላጩ ስያሜ ቢቀድም ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ሸ. የቀረቡ ስያሜዎች

አስማሚ (ስም)፦ በኮምፒዩተርና በመረብ ገመድ መካከል ሆኖ መረጃን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያስማማ፤ የሥራ ስም ነው። ከ«ካርድ» ጋር አያምታቱ።

በር (ስም)፦ የመረብ ገመድ የሚሰካበት የካርድ መግቢያ። በንግግር፦ ፖርት።

ክፋይ አስማሚ (ስም)፦ በካርዱ መሪ ፕሮግራም ተከፍሎ የራሱን አድራሻ የያዘ፣ በሩን ግን ከሌሎች ክፋዮች ጋር የሚካፈል አስማሚ።

ዋና ክፍል (ስም)፦ ካርዱን የማዘዝና ምንዝር ክፍሎችን የመፍጠር ሥልጣን ያለው የካርድ የሥራ ክፍል።

ምንዝር ክፍል (ስም)፦ በዋና ክፍል ሥር ሆኖ መረጃ የሚልክና የሚቀበል፣ የማዘዝ ሥልጣን የሌለው የሥራ ክፍል።

ባለመለያ መረብ (ስም)፦ በመልእክት ጥቅሎች ላይ በተጨመረ የመለያ ቍጥር ከሌሎች የተለየ መረብ። በንግግር፦ ቪላን።

ምናባዊ አስማሚ (ስም)፦ በሶፍትዌር ብቻ የተመሰለ፣ ካርዱ የማያውቀው አስማሚ።

የአቅም ወለል፣ የአቅም ጣሪያ (ስም)፦ ለክፋይ አስማሚ በሽሚያ ጊዜ የሚጠበቅለት ዝቅተኛና በማናቸውም ጊዜ የሚፈቀድለት ከፍተኛ የአቅም መጠን።

ተካፈለ (ግሥ)፦ አንድ በር ሳይከፈል በጋራ ተጠቀመ። ምሳሌ፦ አራቱ ክፋዮች በሩን ይካፈላሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው በዚህ መስክ የሚያስፈልገን የቃላት ብዛት ሳይሆን የቃላት መለየት ነው። ከቀረቡት ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም፤ በቤት፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። አዲስ የሆነው የተሰጣቸው ወሰን ብቻ ነው። ስያሜዎቹ ለውይይት የቀረቡ ስለሆኑ፣ መመሪያ በመተርጐም ሥራ ላይ ያሉ አንባብያን በየዐረፍተ ነገሩ ፈትነዋቸው የተቃና ወይም ያልተቃና ሆኖ ያገኙትን ቢያስታውቁ የስያሜው ሥራ ይበልጥ ይዳብራል። በተለይም «በር» የሚለው ቃል በሶፍትዌር ቋንቋ «ፖርት» ለሚባለው የአገልግሎት ቍጥር ጭምር ሊውል ይገባዋል ወይስ ለዚያ ሌላ ስም ይፈለግለት የሚለው ጥያቄ ሰፊ ውይይት የሚያሻው ነው።